ዝም ያለ ክላክስ ሁሉ የሞተ አይደለም

መኪናችን ትንሽ ሲያመውና ወደ ጋራዥ ስንወስደው ብዙ ጊዜ የምንሰማው አንድ ቃል ነው፤ «ይቀየር»። እኛም ዕብራይስጡ ስለሚቸግረን፣ ስለ መኪናም ብዙ ስለማናውቅ፣ አንገታችንን ደፍተን እንከፍላለን። በዚህ ሳምንት ስለ አንዲት ትንሽ ዕቃ፣ ስለ መኪና ክላክስ የምንጽፈው ለዚህ ነው። አሳባችንን ከወዲሁ እንናገር፦ የአሮጌ መኪና ክላክስ ዝም ሲል፣ ምኑ እንደተበላሸ ሳይታወቅ «ይቀየር» ሊባል አይገባም።

ከእኛ መካከል የአንዱ አባት የሚኖሩት እዚሁ ቤርሼቫ፣ ሽኹና ዳሌት ነው። የ1980ዎቹ ሥሪት የሆነች ሱባሩ አለቻቸው። ሱባሩን የማያስታውስ ወላጅ የለም። በዚያ ዘመን አብዛኞቹ የጃፓን መኪና ኩባንያዎች የአረብ አገሮችን ማዕቀብ ፈርተው ለእስራኤል አይሸጡም ነበር፤ ሱባሩ ግን ይሸጥ ስለነበር መንገዱ ሁሉ ሱባሩ ሆኖ ነበር። እኚህ አባት እ.ኤ.አ. በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከመጡ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በላባቸው የገዟት የመጀመሪያ መኪና ይህች ናት። ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ያደረሱባት፣ ሙሽራ ያጀቡባት ናት። ለመሸጥ አንጀታቸው አልቻለም።

ታዲያ ቴስት ሲቃረብ ክላክሷ ዝም አለ። ክላክስ የማይሠራ መኪና ቴስት አያልፍም። ወደ አንድ ጋራዥ ወሰዷት። ሠራተኛው ኮፈኑን ከፍቶ አንድ ጊዜ አየና «አሮጌ ነው፣ ይቀየር» አለ። አዲስ ክላክስ ገባ፣ ተከፈለ፣ ቴስቱም ታለፈ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል አዲሱም ዝም አለ። ሁለተኛ ጋራዥ ሄዱ፤ ሌላ ዕቃ ተቀየረ፣ ሌላ ገንዘብ ተከፈለ፤ ሳምንት አልቆየም። በሦስተኛው አንድ ወጣት የመኪና ኤሌክትሪሺያን ከመኪናው ብረት ጋር የሚያያዘውን የክላክሱን ሽቦ ፈታ፤ ጫፉ በዝገት ተበልቶ ነበር። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው፣ መልሶ አጠበቀው። ክላክሱ ጮኸ። ሥራው ሩብ ሰዓት አልፈጀም። አባታችን የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «የድሮው ክላክስ የት ሄደ?» ማንም አላወቀም። ምናልባት ምንም ያልነበረበት ዕቃ ቆሻሻ ውስጥ ተጥሏል። ለዚህ ሁሉ የከፈሉት ገንዘብ ከሳምንት አስቤዛ ይበልጣል። ከጡረታ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

እንዲህ ያለው ነገር እንዳይደርስባችሁ ክላክስ እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ ማወቅ ይበቃል። ውስጡ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ማግኔትና እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረ ስስ ብረት አለ። ስትጫኑት ኤሌክትሪክ ይገባና ማግኔቱ ብረቱን ይስበዋል። ብረቱ ሲሳብ መገናኛው ይላቀቃል፣ ኤሌክትሪኩም ይቋረጣል፤ ብረቱ ወደ ቦታው ሲመለስ ደግሞ እንደገና ይገናኛል። ይህ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ወደ 400 ጊዜ ገደማ ይደጋገማል። ጩኸቱ ያ ነው። እንግዲህ ክላክሱ እንዲጮህ አምስት ነገሮች ደህና መሆን አለባቸው፤ ባትሪው፣ ፊውዙ፣ በመሪው ላይ ያለው መጫኛ፣ ሽቦዎቹና ክላክሱ ራሱ። በአዳዲሶቹና በብዙ አሮጌ መኪናዎች ደግሞ ሪሌ የሚባል ትንሽ ማገናኛ አለ። ከእነዚህ አንዱ ሲበላሽ ምልክቱ ያው ዝምታ ነው። «ክላክሱ ዝም ብሏል» ማለትና «ክላክሱ ተበላሽቷል» ማለት የተለያየ የሆነው ስለዚህ ነው።

ስለዚህ ከዕቃው በፊት ምርመራው ይቅደም። መጀመሪያ ፊውዙ ይታይ፤ ከሁሉ ርካሹ እሱ ነው። ቀጥሎ ክላክሱ ከመኪናው ሽቦ ተላቅቆ በሁለት ሽቦ በቀጥታ ከባትሪ ጋር ይገናኝ። ከጮኸ ክላክሱ ደህና ነው፤ ጥፋቱ ሽቦው ወይም መጫኛው ላይ ነው። ካልጮኸ ወይም እንደ ታመመ ሰው ከሰለለ ብቻ ወደ ክላክሱ ይኬድ። በዚያን ጊዜም ቢሆን በብዙ አሮጌ ክላክሶች ላይ ድምፁ የሚስተካከልበት ትንሽ ብሎን አለ፤ እሱን ጥቂት ጥቂት እያዞሩ መሞከር ነው። ለዓመታት ዝም ያለ ክላክስ በዚህ ሲመለስ ይታያል። ይህን ምርመራ የመኪና ኤሌክትሪሺያን በጥቂት ደቂቃ ይጨርሰዋል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለን፦ መሪው ውስጥ ኤርባግ ያለው መኪና ከሆነ፣ ከባለሙያ በቀር መሪውን ማንም አይፍታ። ኤርባግ ቢፈነዳ ሰው ይጎዳል።

የእኛ ከተማ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። የነጌቭ አፈር እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ ነፋስ ሲነሳ የማይገባበት ቀዳዳ የለም። ክላክስ የሚቀመጠው ከመኪናው ፊት ለፊት ስለሆነ አቧራውን ይጠጣል፤ ዝናብ ሲመጣ አቧራው ጭቃ ይሆናል፣ ጭቃው ይደርቃል፣ ብረቱም ይዝጋል። ክላክሱ ሲታሰር አፉ ወደ ታች ያዘነበለ ይሁን፤ ውኃ አይቋጥርም። ከዝናቡ ወራት በፊትም የሽቦዎቹ ጫፍ ቢጸዳ ብዙ ችግር ይቀራል።

የድሮ መኪና ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑንም ማወቅ ይጠቅማል። እዚህ አገር የተሠራችው ሱሲታ አካሏ ከፋይበር ግላስ ነበር፤ ግመል ይበላታል እየተባለም ይቀለድባት ነበር። ፋይበር ግላስ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ስለዚህ የክላክሷ መመለሻ ሽቦ ከአካሏ ጋር ቢታሰር ከንቱ ነው፤ ከታች ካለው ብረት ጋር መገናኘት አለበት። በአዲስ አበባ የምናውቃት ቮልስም ክላክሷ ከፊት በግራ በኩል ከፓራፋንጎው ሥር ተደብቆ ጎማው የሚረጨውን ጭቃ ሁሉ ይቀበላል፤ ከድሮዎቹም ብዙዎቹ በ12 ሳይሆን በ6 ቮልት ይሠሩ ነበር። ለ6 ቮልት የተሠራ ክላክስ 12 ቮልት ላይ ቢታሰር ይቃጠላል፤ የ12ቱ 6 ላይ ቢታሰር በቅጡ አይጮህም። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ አሮጌ መኪና ላይ እጁን ባያሳርፍ ይሻላል።

እውነቱን ለመናገር፣ መቀየር ትክክል የሚሆንበት ጊዜም አለ። ስሱ ብረት በዝገት ከተበሳ ወይም የመዳቡ ሽቦ ከተቃጠለ ጥገናው ከአዲሱ ሊበልጥ ይችላል፤ አዲስ ክላክስም ውድ ዕቃ አይደለም። በዚያን ጊዜ ቮልቱ የተስማማ፣ አንድ ወጥ ድምፅ የሚያወጣ ይገዛ። ልጆች የሚወዱትን ባለ ብዙ ዜማ ክላክስ አታስገቡ፤ ቅጣት ያመጣል። ከድሮው የበረታ ክላክስ የሚገባ ከሆነም በሪሌ በኩል ይታሰር፤ አለዚያ የድሮው መጫኛ ጉልበቱን አይችለውም፣ ይቃጠላል። የድሮውንም ክላክስ አትጣሉት፣ በሣጥን አስቀምጡት። በዚህ አገር 30 ዓመት የሞላው መኪና በሬኸቭ አስፋኑት፣ ማለትም በቅርስ መኪናነት ሊመዘገብ ይችላል። ያን ጊዜ መኪናው እንደ ጥንቱ መሆኑ ይፈለጋል። ምዝገባው ጥቅምም ገደብም ስላለው ከመወሰናችሁ በፊት ሚስራድ ሃሪሹይ ጠይቁ።

ጋራዥ ስትገቡ ደግሞ መብታችሁን አትርሱ። ኤሜቅ ሣራ ብትሄዱም ሌላ ቦታ፣ ፈቃድ ያለው ጋራዥ ምረጡ። ከሥራው በፊት ዋጋው በጽሑፍ ይሰጣችሁ። «ምኑ ነው የተበላሸው? እንዴት አወቃችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ይህ ድፍረት አይደለም። የወጣውን አሮጌ ዕቃ እንዲመልሱላችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ የሚመለስ ዕቃ እንዳለ ያወቀ ሠራተኛ ደህናውን አይጥልም። ሕሽቦኒት ሳትቀበሉ አትውጡ። እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ያለው የሸማች ጥበቃ ሕግ ነጋዴ ሸማችን እንዳያሳስት ይከለክላል። አለመግባባት ቢነሳ በመጀመሪያ ለጋራዡ በጽሑፍ አመልክቱ፤ ካልሆነ ለአነስተኛ ክሶች ፍርድ ቤት ማመልከት ይቻላል። እዚያ ሰው የሚቀርበው ራሱ እንጂ በጠበቃ አይደለም፤ ስለዚህ ለጠበቃ የምትከፍሉት የለም። ወረቀት የሌለው ሰው ግን እዚያም አፉ የተዘጋ ነው።

ይህ ገጽ የሸማች ብቻ ሳይሆን የሥራም ገጽ ነውና አንድ ነገር እንጨምር። በጎንደር አውራጃ፣ በአምቦበርም በወለቃም፣ ብዙዎቹ አባቶቻችን ቀጥቃጮች፣ እናቶቻችንም ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። ገበሬው ማረሻው ሲዶለዱምበት ወደ እነሱ ያመጣው ነበር። እነሱም በወናፍ አግለው፣ በጉጠት ይዘው፣ በመዶሻ አሹለው ይመልሱለት ነበር እንጂ «ጣለውና አዲስ ግዛ» አይሉትም። በዚያ ሙያ ተሰድበንበታል፤ ግን አገር ያረሰው በእሱ ነው። እዚህ ስንመጣ ያ እጅ ሥራ ፈታ፤ ብዙዎቹ መጥረጊያ ያዙ፣ በር ጠበቁ። ልጆቻችንም «ጋራዥ የተሸናፊ ቦታ ነው» ብለው አደጉ።

እኛ አይመስለንም። ያ ወጣት ኤሌክትሪሺያን በሩብ ሰዓት የሠራው የአያቶቻችንን ሥራ ነው፤ ብረቱን አይቶ፣ በሽታውን አውቆ፣ ያለውን ማዳን። የመኪና ኤሌክትሪክ ዛሬ ንጹሕ የአእምሮ ሥራ ሆኗል፤ መኪና ሁሉ ወደ ኤሌክትሪክ እያዘነበለ ባለበት ዘመን ሙያው የሚቀር አይደለም። ከሠራዊት የተመለሰ፣ ምን ልሥራ የሚል ልጅ ካላችሁ ወደ ሊሽካ ሄዶ ስለ ሙያ ሥልጠና ይጠይቅ። እስከዚያው ቅዳሜ ካለፈ በኋላ የአሮጌዋን መኪና ኮፈን አብራችሁ ክፈቱ። ፊውዙን እሱ ይፈልግ፣ ክላክሱን እናንተ ተጫኑ።

የሱባሩዋ ባለቤት አሁንም ይነዷታል። ክላክሷን የሚነፉት አደጋ ለመከላከል ሲያስፈልግ ብቻ ነው፤ ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው። በየጊዜው ግን ሽቦውን ራሳቸው በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋሉ። የልጅ ልጃቸውም አጠገባቸው ቆሞ ያያል።