ሐኪም ለመሆን የሚያመለክት ሰው ምክንያቱን በእውነት ይጻፍ

በጉለሌ፥ ከጄኔራል ዊንጌት ተማሪ ቤት ብዙም ሳይርቅ፥ የቅዱስ ጳውሎስ ሐኪም ቤት ይገኛል። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮም የሕክምና ትምህርት ይሰጥበታል። በዚያ ሠፈር የሚያድግ ልጅ ሐኪም ለመሆን ቢመኝ አያስደንቅም። ነገር ግን አመልካቾች ስለ ምን ሐኪም ለመሆን ፈለጋችሁ ተብለው ሲጠየቁ፥ የብዙዎቹ መልስ ወገኔን ለማገልገል የሚል ነው። ቃሉ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ሁሉ የሚናገረው ስለ ሆነ አንዱን ከሌላው አይለይም። ዛሬማ ኮምፒዩተር እንኳ አሳምሮ ይጽፍለታል።

ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ በወደቀች ጊዜ በሕፃንነታቸው በእንግሊዝ መኮንን ተወስደው፥ በህንድ አገር አድገው፥ በላሆር ሕክምና ተማሩ። በበርማ በእንግሊዝ መንግሥት ሥራ ላይ ሳሉ የዐድዋን ድል ሰምተው፥ ቋንቋዋን ወደ ረሱት አገራቸው መጡ። ወገናቸውን መውደዳቸው የታወቀው በጻፉት ደብዳቤ ሳይሆን በዚህ ሥራቸው ነው።

በአብነት ትምህርት ቤትም የኔታ አዲስ ለመጣው ተማሪ የፍቅሩን ማስረጃ በወረቀት አምጣ አይሉትም። አኮፋዳውን ይዞ ቁራሽ ሲለምን፥ ውሃ ሲቀዳ፥ ሌሊት ለቀለም ሲነሣ አይተው ልቡን ያውቃሉ።

እንግዲህ አመልካቹ ስለ ራሱ የሚያውቀውን ይጻፍ። አያቱን አስታምሞ እንደ ሆነ፥ ምን እንዳደረገና ምን እንደ ከበደው ይናገር። ወደ ገጠር ቢመደብ፥ ሌሊት ከእንቅልፉ ቢቀሰቀስ፥ የደከመለት በሽተኛ ቢሞትበት፥ በሥራው ለመጽናት ያስብ እንደ ሆነ ራሱን መርምሮ ይመልስ። እንጀራ ማግኘትንም ቢያስብ አይፈር፤ ደመወዝ መፈለግ ኀጢአት አይደለምና፤ በደመወዝ ብቻ መምጣት ግን በሽተኛን ይጎዳል።

መራጮችም የቃሉን ውበት ትተው ሥራውን ይጠይቁ፤ በደብዳቤው የተጻፈውንም ፊት ለፊት አቅርበው ይመርምሩት። ድኻው ልጅ ቋንቋው ባይሰላ፥ ያስታመመው እጁ ይመስክርለት።

ለሹማምንትም አንድ ቃል አለን። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ባለ መድኃኒት መከበር እንደሚገባው ያስተምራል። ከወጣቱ እውነተኛ ምክንያት የሚጠይቅ መንግሥት፥ ወጣቱ ተምሮ ሲወጣ ማደሪያውንና መድኃኒቱን ሊያሰናዳለት፥ ደመወዙንም በጊዜው ሊሰጠው ይገባል። ይህ ካልተደረገ ግን በእውነት የመጣውን ልጅ እኛው ራሳችን እናባርረዋለን።