ኤስኤስዲው ዘገየ ተብሎ ኮምፒውተሩ አይጣልም

በስቶክሆልም የመልሶ መጠቀሚያ ማዕከላት፣ ብሮማም ይሁን ቫንቶር፣ ከኤሌክትሮኒክስ መጣያው አጠገብ ጥቂት ጊዜ የቆየ ሰው ከውጭ ምንም ጉድለት የማይታይባቸው ዴስክቶፕ ኮምፒውተሮች ሲጣሉ ማየቱ አይቀርም። ከእነዚህ ውስጥ የትኞቹ በእውነት እንደሞቱ፣ የትኞቹ ደግሞ «ዘገየ» ተብለው ብቻ እንደተፈረደባቸው የሚመረምር የለም። በእኔ እምነት ፍርዱ በብዙዎቹ ላይ የችኮላ ነው። በተለይም ባለቤቱ ከጥቂት ዓመታት በፊት አሮጌውን ሃርድ ዲስክ አውጥቶ ኤስኤስዲ ያስገባ እንደሆነ፣ ማሽኑ ዳግም ማዝገም ሲጀምር «እንግዲህ ይህም አላዳነውም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል።

ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። በሪንከቢ፣ በቴንስታ ወይም በሁስቢ በሚኖር የአገራችን ሰው ቤት ያ አሮጌ ዴስክቶፕ የቤተሰቡ መዝገብ ቤት ሊሆን ይችላል። ከአገር ቤት የተላኩ የሠርግና የክርስትና ፎቶግራፎች፣ የሟች እናት ድምፅ የተቀዳበት ፋይል፣ ወደ ስዊድንኛ የተተረጎሙ የልደትና የትምህርት ማስረጃዎች እዚያው ተከማችተዋል፤ ሌላ ቦታ ቅጂ የሌላቸውም ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ ከማናቸውም ምርመራ በፊት እነዚህ ፋይሎች ወደ ውጫዊ ዲስክ ይገልበጡ። አሮጌው ሃርድ ዲስክ ሊሞት ሲል ብዙውን ጊዜ ይንቋቋል። ኤስኤስዲ ግን የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ድምፅ አያሰማም፤ ማታ ሲሠራ አምሽቶ ጠዋት ጨርሶ ላይታይ ይችላል። ማዝገሙ አንዳንድ ጊዜ የሚሰጠው ብቸኛ ማስጠንቀቂያ ነው።

ቅጂው ከተያዘ በኋላ መቅደም ያለበት ጥያቄ «ዲስኩ ምን ሆነ?» ሳይሆን «የዘገየው በእርግጥ ዲስኩ ነው?» የሚለው ነው። 4 ጊጋባይት ራም ብቻ ያለው ኮምፒውተር ዛሬ በኢንተርኔት ማሰሻው ብዙ ገጾች ሲከፈቱበት የጎደለውን ማስታወሻ ከዲስኩ ይበደራል። በዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ላይ ዲስኩ መቶ በመቶ ተጠምዶ ይታያል፤ ተመልካቹም ዲስኩን ይወነጅላል። ጥፋቱ ግን የራሙ ማነስ ነው፤ መድኃኒቱም ያገለገለ ራም ገዝቶ መጨመር እንጂ ዲስክ መለወጥ አይደለም።

ሌላው ግራ የሚያጋባው የቁጥር ነገር ነው። በማሸጊያው ላይ በሰከንድ 550 ሜጋባይት ተብሎ የተጻፈው ፍጥነት የሚገኘው በሰከንድ 6 ጊጋቢት በሚያስተላልፈው ሳታ 3 መስመር ላይ ብቻ ነው። ይህ ደረጃ የወጣው በ2009 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት በነበሩት ማዘርቦርዶች ላይ የሳታ 2 መስመር ያለው 3 ጊጋቢት ስለሆነ፣ በተግባር ከ280 ሜጋባይት ገደማ አያልፍም። በ2011 ብቅ ባሉት፣ የኢንቴል ፒ67 ቺፕ በተገጠመላቸው ማዘርቦርዶች ላይ እንኳ ከስድስቱ የቺፑ ሶኬቶች ፈጣኖቹ ሁለቱ ብቻ ነበሩ፤ ብዙ አምራቾችም በቀለም ይለዩዋቸው ነበር። ኤስኤስዲው በዘገምተኛው ሶኬት ተሰክቶ ከሆነ ገመዱን ነቅሎ ወደ ሌላው መውሰድ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ሆኖም ይህን ቁጥር ብዙ የሚያሳድዱ ሰዎች የተሳሳተውን አውሬ እያደኑ ይመስለኛል። ሃርድ ዲስክ የተበታተኑ ፋይሎችን ፈልጎ ለማግኘት በየጊዜው 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ሲፈጅበት፣ ኤስኤስዲ የዚያ አንድ መቶኛ ያህል ይበቃዋል። ኮምፒውተሩን ቀልጣፋ የሚያሰኘው ይኸው ነው፤ በአሮጌው መስመር ላይም አይጠፋም። ስለዚህ 280 ሜጋባይት የሚያሳይ ኤስኤስዲ ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ መታመሙ የሚጠረጠረው ፊደል ስንጽፍ እንኳ ቀጥ ብሎ ሲቆም ነው።

እንዲህ ሲሆን ወደ ባዮስ መግባት ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን ኮምፒውተሮች ላይ የሳታው አሠራር «አይዲኢ» ወይም «ኤኤችሲአይ» ተብሎ ይመረጣል። የመጀመሪያው ለጥንቱ ዲስክ የታሰበ ስለሆነ ትእዛዞችን አንድ በአንድ ያሳልፋል፤ ሁለተኛው ብዙ ትእዛዝ በአንድ ጊዜ እንዲሰለፍ ይፈቅዳል፤ ለኤስኤስዲም የሚስማማው እሱ ነው። ታዲያ በችኮላ መለወጥ አይገባም። ዊንዶውስ ሳይዘጋጅ ምርጫው ከተለወጠ ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ አልነሳም ሊል ይችላል። ዊንዶውስ 10ን አስቀድሞ በሴፍ ሞድ እንዲነሳ ማዘዝ፣ ከዚያ ባዮሱን መለወጥ፣ አንድ ጊዜ በሴፍ ሞድ ከተነሳ በኋላ ወደ ተለመደው አነሳስ መመለስ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ቀጥሎ ትሪም የሚባለው ትእዛዝ አለ። የኤስኤስዲ የማስታወሻ ሕዋስ እንደ ጥቁር ሰሌዳ ነው፤ የቀድሞው ጽሑፍ ሳይጠረግ አዲስ አይጻፍበትም። የሚጠረገውም በብሎክ እንጂ በአንድ ፊደል አይደለም። እኛ ፋይል ስናጠፋ ዲስኩ የጠፋ መሆኑን በራሱ አያውቅም፤ ትሪም ነው «ይህ ቦታ አያስፈልግም፣ ጥረገው» ብሎ የሚነግረው። በ2009 የወጣው ዊንዶውስ 7 ይህን ያውቃል፤ ኤክስፒና ቪስታ አያውቁም። በዛሬው ዊንዶውስ ድራይቮችን ማመቻቻ የሚለውን መሣሪያ ከፍቶ ኤስኤስዲው መቼ እንደተመቻቸ ማየትና ትእዛዙን መስጠት ይቻላል። ዲስኩ እስከ አፉ ከተሞላ ግን ትሪምም ብዙ አያግዝም፤ ከአሥር እስከ ሃያ በመቶ ያህል ባዶ ቦታ ይተውለት።

ርካሽ ኤስኤስዲዎች የራሳቸው ጠባይ አላቸው። በአንድ ሕዋስ አራት ቢት የሚያጭቁት ዓይነቶች ትልቅ ፋይል ሲገለበጥባቸው መጀመሪያ ይበራሉ፤ ፈጣኑ ጊዜያዊ ማከማቻ ሲሞላ ግን ከሃርድ ዲስክ ያነሰ ፍጥነት ላይ ሊወድቁ ይችላሉ። ይህ ብልሽት ሳይሆን የዋጋቸው ልክ ነው። ታዋቂ ስምም ዋስትና አይሆንም። የሳምሰንግ 840 ኢቮ ኤስኤስዲዎች ከወራት በፊት የተጻፈን ፋይል ሲያነቡ እጅግ ያዘግሙ ነበር። ኩባንያው በ2014 የማስተካከያ ሶፍትዌር አወጣ፤ ችግሩ ተመልሶ ስለመጣ በ2015 ሁለተኛውን ጨመረ። በሕዋሶቹ ውስጥ የተያዘው የኤሌክትሪክ መጠን ከጊዜ ጋር ስለሚዋዥቅ ዲስኩ ደጋግሞ እያነበበ ይቸገር ነበር። ያገለገለ ዕቃ ከብሎኬት የሚገዙ ሰዎች ይህን ስም ቢያስታውሱ መልካም ነው።

ገመዱም መጠርጠር አለበት። ክሪስታልዲስክኢንፎ በተባለው ነፃ ፕሮግራም የዲስኩን የጤና መዝገብ ሲያዩ «ሲአርሲ» የሚል የስህተት ቁጥር እየጨመረ ከሄደ፣ አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸው ዲስኩ ሳይሆን የሳታ ገመዱ ነው።

እዚህ ላይ የስዊድን መንግሥትም ይጠየቅ። በ2017 የብስክሌት፣ የጫማና የልብስ ጥገና ተጨማሪ እሴት ታክስ ከ25 ወደ 12 በመቶ ሲወርድ ኮምፒውተር አልተካተተም። በዚያው ዓመት በአዲስ ኤሌክትሮኒክስ ላይ የኬሚካል ግብር ተጣለ፤ ዕቃን ማቆየትን የሚያበረታታ ነው ቢባልም የጥገናው ዋጋ ካልቀነሰ ግማሽ መንገድ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ያጸደቀው የመጠገን መብት መመሪያም ስልክንና ሰርቨርን ሲዘረዝር የቤት ዴስክቶፕን አላነሳም። በ2025 ኦክቶበር የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ሲያበቃ፣ ኤስኤስዲያቸው ጤነኛ የሆነ ብዙ ማሽኖች ለዊንዶውስ 11 ብቁ አይደላችሁም ተባሉ። ለአውሮፓ ተጠቃሚዎች ያለክፍያ የተፈቀደው የአንድ ዓመት የደኅንነት ማራዘሚያ ጥሩ ነው፤ አንድ ዓመት ግን አጭር ነው። ከዚያ በኋላ ሊኑክስን መሞከር ከመጣል ይሻላል።

ያሉትንም መብቶች እንጠቀምባቸው። ከ2016 ጀምሮ ቤት ድረስ መጥቶ ኮምፒውተር ለሚያስተካክል ባለሙያ ከሚከፈለው የጉልበት ዋጋ ግማሹ በሩት ቅናሽ ሊታሰብ ይችላል፤ ለአረጋውያን ወላጆች ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ኤስኤስዲው አዲስ ሆኖ በስዊድን ከነጋዴ የተገዛ ከሆነ፣ ገዢው እስከ ሦስት ዓመት ድረስ ለሻጩ ቅሬታ ማቅረብ ይችላል። ከ2022 ወዲህ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ዕቃው ሲሸጥ ጉድለት እንዳልነበረበት የማስረዳት ሸክም የሻጩ ነው። ደረሰኙ በዚያው ዲስክ ላይ ብቻ የተቀመጠ እንዳይሆን።