መጀመሪያ የተራበውን አዩ

በመካነ ብርሃንም ሆነ በጎንደር ድምፀ መልካም ልጅ ሲገኝ የዘመድ አዝማዱ ጥያቄ ያው ነው፦ «ቤተ ክርስቲያን ያገለግላል ወይስ ዘፋኝ ይሆናል?» በምን እንጀራ ይበላል፣ ያገኘውንስ ለማን ያውለዋል የሚል ግን እምብዛም አይሰማም። እኔን የሚያሳስበኝ ይኸኛው ነው።

የጎንደር ከንቲባ የነበሩት የገብሩ ደስታ ልጅ፣ ፒያኖ ተጫዋቿ መነኩሲት እማሆይ ጽጌ ማርያም ለዚህ መልስ የሰጡት እዚሁ ጎንደር ነው። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተምረዋል፤ ካይሮም ትምህርታቸውን ቀጥለዋል። ለንደን ሄደው ሊማሩ ሲሉ ፈቃድ ተከለከሉ፤ እህል አልቀምስ ብለው ታመሙ፤ በ19 ዓመታቸው ከቤት ጠፍተው ግሸን ማርያም ገቡ። ፒያኖ በሌለበት ተራራ ላይ በባዶ እግራቸው ዓመታት ኖሩ።

ኋላ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሊያጠኑ ጎንደር መጡ። ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ የቆሎ ተማሪዎች ከደጁ ሜዳ ላይ ተኝተው ያዩ ነበር። የአገሬ ሰው ይህን ሕይወት ያውቀዋል። ልጁ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በአንድ እጁ ውሻ እየተከላከለ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ ቁራሹን ቀምሶ ማታ ትምህርቱን ይቀጽላል። እማሆይ የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ሙዚቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የመጀመሪያ ሸክላቸው ጀርመን አገር ታተመ፤ ገቢውም ለችግረኞች መርጃ ነበር።

ልብ በሉ፣ መጀመሪያ የተራበውን አዩ፤ ሸክላው ከዚያ በኋላ መጣ። ዛሬ ዘፋኙም ዘማሪውም «ልታወቅና ያኔ እረዳለሁ» ይላል። ገንዘብ ሳይመጣ ያልተቆረጠ ሐሳብ፣ ከመጣ በኋላ ሲቆረጥ ብዙም አላየሁም።

ይሁንና መነኩሲትን ለአዝማሪ አርአያ አድርጎ ዝም ማለት ግፍ ነው። እማሆይ የሚያሳድጉት ልጅ አልነበራቸውም። የጎንደር አዝማሪ በማሲንቆው ቤተሰብ ያስተዳድራል። በጥር ሠርግ «ተቀበል!» እያልን ግጥም እንሰጠዋለን፣ ግንባሩ ላይ ብር እንለጥፍለታለን። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን 55 ቀን ሠርግ የለም። እሱ ይጾማል፤ ሕፃናቱ ግን መብላት አለባቸው። ስለዚህ ከጥር ሠርግ ገቢው ለሁዳዴው ማስቀመጥ አለበት፤ ይህ ለእኔ ከጾሙ አይተናነስም። ቤቱን ሳይመግብ ለደጀ ሰላም የሚሰጥ ሰው ስጦታው ከልጆቹ ጉሮሮ የተነጠቀ ነው።

ሥራውን የሚያስቀርጽም ቢሆን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከለላ እንደሚሰጠው ይወቅ። ሳያነብ በፈረመው ውል ያጣውን ገንዘብ «የእግዜር ፈቃድ ነው» ብሎ መተው ትሕትና አይደለም።

እማሆይ መጋቢት 2015 ዓ.ም በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ላይ አረፉ። በስማቸው የቆመው ፋውንዴሽንም ልጆች ሙዚቃ እንዲማሩ ይረዳል።

ሠርግ የምትደግሱ ወገኖቼ፣ የአዝማሪውን ዋጋ አስቀድማችሁ ተነጋገሩና ክፈሉት፤ ሽልማቱ ከዚያ በላይ ይሁን። ደጃችሁ የሚቆመውን የቆሎ ተማሪም በባዶ አኩፋዳ አትሸኙት።