አንዱ አይበቃም ወይ?

ቤቴ የሚመጣ እንግዳ መደርደሪያዬን ካየ በኋላ የሚጠይቀኝ ነገር አንድ ነው፤ «አንዱ አይበቃም ወይ?» አይፈረድበትም። ረድፉ ከዳር እስከ ዳር «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ሽፋኑ የተገነጠለ አለ፣ በካኪ የተለበጠ አለ፣ በሲባጎ የተሰፋ አለ፣ ገና የቀለም ሽታው ያለቀቀው አለ፣ ከመጽሐፍ ላይ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ የተጠረዘም አለ። አንዳንዱ ነጋዴ መስዬው ዋጋ ይጠይቀኛል። ባለቤቴማ ስም አውጥታልኛለች፤ እሱን አልነግራችሁም።

እኔን የሚገርመኝ ግን ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ ይህን መጽሐፍ እንደ ማንኛውም መጽሐፍ የሚያይ ሰው ነው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. የተወለዱት ከከተማችን ብዙም በማይርቀው በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው። የቤተ ክህነቱን ትምህርት የተማሩት በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ ነው። የዋናውን ገጸ ባሕርይ የበዛብህን የትውልድ ቀዬ ማንኩሳን ለማየት የፈለገ ሰው ካርታ አያስፈልገውም፤ ከመናኸሪያ ወደ ቡሬ የሚሄድ መኪና ይሳፈር። ሌላው አገር ልብ ወለድ ብሎ የሚያነበውን እኛ መንገዱን እያወቅን እናነበዋለን።

ያንኑ መጽሐፍ በየእትሙ እየፈለጉ መሰብሰብ በሌላው ዓለም የተለመደ ነው፤ በተለይ የአስማትና የምናብ ታሪክ የሚወዱ አንባቢዎች አብዝተው ያደርጉታል። የሃሪ ፖተር የመጀመሪያው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1997 እንግሊዝ አገር ሲወጣ በጠንካራ ሽፋን የታተመው 500 ቅጂ ብቻ ነበር። ሰብሳቢዎች ያንን እትም የሚለዩት በስሕተቱ ነው። በጀርባ ሽፋኑ ላይ የመጽሐፉ ስም ራሱ አንድ ፊደል ጎድሎታል፤ ተማሪው ይዞ እንዲመጣ በታዘዘው ዕቃ ዝርዝር ውስጥም የአስማቱ በትር ሁለት ጊዜ ተጽፏል። ከእነዚህ ቅጂዎች አንዱ በ2021 አሜሪካ ውስጥ በጨረታ 471,000 ዶላር ወጥቶለታል። እኛ ዘንድ በፊደል ስሕተት ቢከፈል ኖሮ ስንት ደራሲ ባለጸጋ በሆነ!

በዋጋው አልቀናም። የቀናሁት በሌላ ነው። የምናብ ታሪክ ደራሲው ቶልኪን «ዘ ሆቢት»ን እ.ኤ.አ. በ1937 ሲያሳትም ጎለም የተባለው ፍጡር የአስማት ቀለበቱን የእንቆቅልሽ ውርርድ ሽልማት አድርጎ ያስይዛል፤ ሲሸነፍም ይቅርታ ጠይቆ መንገድ ያሳያል። በኋላ «ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ»ን ሲጽፍ ቀለበቱ ክፉ ሆነ፤ የቀድሞው ምዕራፍ አልገጥምም አለው። ስለዚህ በ1951 በወጣው እትም ምዕራፉን ለወጠው። የ1937ቱን ያነበበ ሰውና የ1951ዱን ያነበበ ሰው ስለ ጎለም ቢከራከሩ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ይህን ዛሬ ማንም አንባቢ የሚያውቀው የድሮዎቹን ቅጂዎች የማይጥሉ፣ ጎን ለጎን ዘርግተው የሚያስተያዩ ሰዎች ስላሉ ነው። እኔ የቀናሁት በእነዚህ ሰዎች ነው።

እኛስ ምን የሚስተያይ አለን የሚለኝ አይጠፋም። አለን እንጂ። የዘጌው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት መጽሐፍ ሽፋኑ ላይ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር የሚለው። ዛሬ «ጦቢያ» እያልን የምንጠራው በኋላ ሲታተም ባገኘው ስም ነው። የመጀመሪያውን ቅጂ ያላየ አንባቢ የመጀመሪያው ልብ ወለዳችን በምን ስም እንደተጠመቀ አያውቅም ማለት ነው። የእኛው ልጅ የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» ደግሞ በ1955 ዓ.ም. ወጥቶ ታገደ፤ የያኔውን ቅጂ ደብቆ ያቆየ ሰው መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ድፍረትም ነው ያቆየው።

ወደ «ፍቅር እስከ መቃብር» ልመለስ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው እትም ለዓይን የሚታይ፣ ብዙ ሰው ግን ልብ የማይለው ነገር አለው። ሐዲስ በአማርኛ አጻጻፍ ላይ የራሳቸው አቋም ነበራቸው፤ በዚህ መጽሐፍ ጠብቆ በሚነበበው ፊደል አናት ላይ ነጥብ አስቀምጠዋል። «አለ» ተብሎ ሲጻፍ ተናገረ ማለት ይሁን ይገኛል ማለት፣ «ገና» ሲባል በዓሉ ይሁን ያልደረሰ ነገር፣ ፊደሉ አይነግረንም፤ ከዐረፍተ ነገሩ ነው የምንገምተው። እርሳቸው አንባቢው እንዲገምት አልፈለጉም። ሌሎች ደራስያን ይህን መንገድ እምብዛም አልተከተሏቸውም። መጽሐፉን ወደ መስኮት ዘንበል አድርጋችሁ ብታዩት ነጥቦቹ በየመስመሩ አናት ላይ እንደ ጤፍ ፍሬ ተበትነው ታገኟቸዋላችሁ።

አሁን ደግሞ በፎቶ ኮፒ የተባዛውን አምጡና ከጎኑ አስቀምጡት። ከነጥቦቹ ገሚሱ ጠፍቷል። የቀረው ከማሽኑ እድፍ ጋር ተቀላቅሎ የትኛው የደራሲው፣ የትኛው የቀለሙ ርጭት እንደሆነ አይለይም። ከመጽሐፉ ቀንጭቦ በስልክ ለወዳጁ የሚልክ ሰውማ ጨርሶ ነጥቧን አይጽፋትም። ነጥቧ ኮምፒውተሮች በሚግባቡበት የዩኒኮድ መስፈርት ውስጥ የራሷን ቦታ ያገኘች እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ የሚጠቀምባት ግን የታለ? እንግዲህ አንዱ አይበቃም ወይ ለሚለኝ እንግዳ ሁለቱን ቅጂ ከፍቼ ማሳየት ነው። ታሪኩ አንድ ነው፤ በዛብህም ያው በዛብህ፣ ፊታውራሪ መሸሻም ያው ናቸው። የደራሲው እጅ የሚታየው ግን በአንደኛው ላይ ነው።

ነጥቡ ለዓይን ሳይሆን ለድምፅ የተደረገ ነገር ነው። የመጽሐፉም ቢሆን ከአንባቢው ቁጥር ይልቅ የአድማጩ ቁጥር ሳይበልጥ አይቀርም፤ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ሲተርከው ያደገ ሰው ሰው ሁሉ እብድ የሚለውን ጉዱ ካሣን በሌላ ድምፅ መስማት አይችልም። እኔ ያንን ትረካም እንደ አንድ እትም እቆጥረዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 በሲሳይ አየነው የወጣውን የእንግሊዝኛ ትርጉምም አስቀምጫለሁ። በቅርቡ የመጣውን የቴሌቪዥን ድራማ ግን መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ አልቻልኩም፤ ባለቤቴ ደስ ብሏታል።

ከሁሉ የምወዳቸው ታዲያ በኪራይ የኖሩት ናቸው። መጽሐፍ በቀን ሒሳብ እየተከራየ ይነበብ የነበረበትን ጊዜ የሚያስታውስ ያውቀዋል። ባለ ሱቁ መጀመሪያ የሚያደርገው ሽፋኑን በካርቶን ማጠንከር ነው፤ ቀጥሎ ጀርባውን በወስፌ በስቶ በሲባጎ ይሰፋል፤ ከዚያ ማኅተሙን በየመሐሉ ገጽ ይመታል፣ ማንም ገንጥሎ እንዳይወስድ። ጠርዙ በጣት ወዝ ጠቁሯል። ኅዳጉ ደግሞ የአንባቢዎች መሰብሰቢያ ነው። ጉዱ ካሣ በሚናገርበት ገጽ ጎን አንዱ በእርሳስ «እውነት!» ብሏል፤ ሌላው በሰማያዊ እስኪርቢቶ «ይህ ሰው እብድ አይደለም» ብሎ ጨምሮበታል፤ ከእነሱ ሥር ደግሞ አንድ የተናደደ ሰው «መጽሐፍ ላይ መጻፍ ነውር ነው» ሲል ጽፏል። መጽሐፍ ላይ!

ከእነዚህ አንዱን የገዛሁት ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ነው። ልጁ ቅን ነው፤ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች የሉትም፤ ሌላ ልስጥዎት» አለኝ።

«የሉትም?»

«አሉት... ግን በእጅ የተጻፉ ናቸው።»

አየሁት። ቅጠሎቹ ተገንጥለው ሲጠፉ አንድ ሰው የደብተር ወረቀት ቆርጦ፣ ከሌላ ቅጂ ላይ ቃል በቃል ገልብጦ፣ በልኩ አጣብቆታል። ፊደሉ የሚያምር፣ መስመሩ ያልተዛነፈ ነው፤ ስሙን የትም አልጻፈም። ቀጣዩ ተከራይ የበዛብህን ፍቅረኛ የሰብለ ወንጌልን መጨረሻ ሳያውቅ እንዳይቀር ብሎ ነው እንጂ ሌላ ምን ያገኝበታል? ለልጁ «እሱን ነው የምፈልገው» አልኩት። ዋጋ መጨመር እንደነበረበት የገባው ገንዘቡን ከተቀበለኝ በኋላ ነው።

ይህ ነገር ለጎጃም አዲስ አይደለም። በየአድባራቱ ብራና ሲዳመጥ፣ ሲጻፍ፣ ሲደጎስ የኖረ አገር ነው። ጸሐፊው ከፊቱ ካለው አብነት ገልብጦ ሲጨርስ ከሌላ ጋር ያስተያያል፤ የተሳሳተውን ፍቆ ያርማል። የትርጓሜ ሊቃውንትም የአብነት ልዩነት ሲገጥማቸው ሳይጠቅሱት አያልፉም። አንድን መጽሐፍ በብዙ ቅጂ ማየት እዚህ አገር የሊቅነት ወግ ነበር። ማተሚያ ቤት ሲመጣ ግን ሁሉም ቅጂ አንድ ነው ብለን ተዝናናንና ወጉን ተውነው።

አሳታሚዎቻችን ለዚህ አስተዋጽኦ አላቸው፤ እወቅሳቸዋለሁ። ከሽፋኑ ጀርባ ያለውን ገጽ ግለጡ። «ሦስተኛ እትም»፣ «ሰባተኛ እትም» ይላል። ምን ተለወጠ? ፊደሉ እንደ አዲስ ተለቅሟል ወይስ የድሮው ገጽ በፎቶ ተነሥቶ ነው? የታረመ ስሕተት አለ? ደራሲው አይተውታል? ዝም ነው። አንዳንዱ ዓመተ ምሕረቱን እንኳ አይጽፍም። በዚህ ገጽ ላይ ሁለት መስመር መጨመር ስንት ያስወጣል?

ወጣቶቹ ከእኛ ይሻላሉ ብዬ ማመን ጀምሬያለሁ። የጎረቤቴ ልጅ የይስማዕከ ወርቁን «ዴርቶጋዳ»፣ «ራማቶሓራ» እና «ዣንቶዣራ» በቅደም ተከተል ደርድሮ ያኖራል። «ዴርቶጋዳ» በአጭር ጊዜ ደጋግሞ የታተመ መጽሐፍ ስለሆነ የመጀመሪያውን እትም ካልያዝኩ ብሎ ከጓደኞቹ ጋር ሲለዋወጥ አይቼዋለሁ። የጣናን ገዳማትና የጠፈር ምርምርን አንድ ላይ የሚፈትል ታሪክ ለእርሱ ዕድሜ ሃሪ ፖተሩ ነው። «ለምን ፈለግኸው?» ብለው «የመጀመሪያው ነዋ!» አለኝ፤ በቂ መልስ መስሎታል። እስኪ ይሁን፤ ማስተያየቱን ከጊዜ በኋላ ይጀምረዋል።

አንድ ሒሳብ ደግሞ አለ። ሐዲስ ያረፉት በኅዳር 1996 ዓ.ም. ነው። በዚያው በ1996 በወጣው የቅጂ መብት አዋጅ መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ስለዚህ ከ2046 ዓ.ም. በኋላ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ማንም ማተም ይችላል፤ ያሳጠረው፣ ያዘመነው፣ ነጥቡን ያራገፈው ሁሉ በየፊናው ያወጣዋል። ያኔ የደራሲው የትኛው ነው የሚል ሰው ሲነሣ ዳኛ የሚሆነው ዛሬ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ያለው አሮጌ ቅጂ ነው። ሐዲስ ከዚህ ሌላ «ተረት ተረት የመሠረት»ን በ1948፣ «ወንጀለኛው ዳኛ»ን በ1974፣ «የልም እዣት»ን በ1980፣ «ትዝታ»ን በ1985 አውጥተዋል። ለእነዚህ ደግሞ የበለጠ እፈራለሁ፤ የሚፈልጋቸው ሰው ስለሚያንስ ለቆሎ መጠቅለያ የመሆን ዕድላቸው ሰፊ ነው።

እንግዲህ አሮጌዎቹን ቅጂዎች መጠበቅ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ክረምቷ የከረረ ከተማ ናት። መጽሐፍ ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ ከከረመ መስከረም ላይ ሻጋታ ነው የምታገኙት። ስለዚህ ከግድግዳው አራቁት። የተቀደደውን በስኮች አትለጥፉ፤ ሙጫው ከጊዜ በኋላ ወረቀቱን ያቃጥለዋል። አሮጌ ሽፋን ገንጥላችሁ አዲስ አታልብሱ። ከማን እንደገዛችሁት፣ ማን እንዳነበበው በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ጽፋችሁ ውስጡ አኑሩ።

ከዚያ በኋላ በቤታችሁ ማንም የማይከፍተው ከሆነ ስጡት። በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በሐዲስ ዓለማየሁ ስም የተሰየመ የባህል ጥናት ተቋም አለ፤ አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ ወመዘክርና የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ቅርባችሁ ናቸው። የ1958ቱ እትም ያላችሁ ሰዎች ለእኔ እንድትሰጡኝ አልጠይቅም፤ ለእነሱ ስጡ። ከመስጠታችሁ በፊት ግን አንድ ከሰዓት በኋላ አውሱኝ፤ ከእኔዎቹ ጋር ላስተያየው።