የመረቡ ሥር ማን ይሁን?

በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ በዘለቀ ጊዜ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ብዙ ንብረት ተዘርፎባቸዋል፤ ወድሞባቸዋልም። እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት ተቋም የኮምፒውተር መረቡን መልሶ የሚዘረጋው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጀንበር በተገዛ ዕቃ አይደለም። ከዝርፊያ የተረፈው፣ በእርዳታ የመጣውና አዲስ የተገዛው ስዊች በአንድ መደርደሪያ ላይ ይገናኛሉ። ከእነዚህ መካከል የመረቡ ሥር የሚሆነው የትኛው እንደሆነ የሚወስን ሰው ሊኖር ይገባል እንላለን።

ስዊቾች፣ አንዱ ገመድ ቢበጠስ ሌላው እንዲተካው፣ በትርፍ ገመድ ይያያዛሉ። ትርፉ ገመድ ግን ቀለበት ይፈጥራል፤ ለሁሉም የተላከ መልእክት በቀለበቱ እየተባዛ ሲዞር መረቡን ያንቃል። አሜሪካዊቷ ራዲያ ፐርልማን በ1985 እ.ኤ.አ. የፈለሰፈችው ስፓኒንግ ትሪ አንዱን ስዊች ሥር አድርጎ ይመርጣል፤ ወደ እርሱ የሚያደርሰውን አጭር መንገድ ከፍቶ ትርፉን ይዘጋል፤ የተከፈተው ሲቋረጥም የተዘጋውን ይከፍታል።

ምርጫው በቅድሚያ ቁጥር ነው፤ አነስተኛ ቁጥር የያዘ ያሸንፋል። ፋብሪካ ግን ለሁሉም 32768 ሰጥቶ ይልካቸዋል። ቁጥሩ እኩል ሲሆን የሚለየው የማክ አድራሻ ነው፤ ትንሹ ይነግሣል። አምራቾች አድራሻ የሚያድሉት ባመዛኙ በቅደም ተከተል በመሆኑ ሥልጣኑ ብዙ ጊዜ ያረጀው እጅ ይወድቃል። (ሽምግልና በወሎ የተከበረ ነው፤ ለዚህ ሹመት ግን አይሆንም።)

ሁለት የደሴ ስዊቾች እርስ በርሳቸውም፣ እያንዳንዳቸው ከኮምቦልቻ ጋርም፣ እኩል ፍጥነት ባላቸው መስመሮች በአንድ መረብ ተያይዘዋል እንበል። ኮምቦልቻ ያለው አሮጌ ስዊች ሥር ከሆነ የሚዘጋው በሁለቱ የደሴ ስዊቾች መካከል ያለው መስመር ነው። ደሴ ውስጥ ከአንዱ ሕንጻ ወደ ጎረቤቱ የተላከ ፋይል ሐረጎን ቁልቁል ወርዶ፣ ኮምቦልቻ ደርሶ፣ ዳገቱን ይመለሳል። ተጠቃሚው «ዘገየ» ብሎ ያማርራል፤ ባለሙያው የተበላሸ ዕቃ ቢፈልግ አያገኝም።

የባሰም ደርሷል። በኅዳር 1995 ዓ.ም. የቦስተኑ ቤዝ እስራኤል ዲከነስ ሆስፒታል መረብ ስፓኒንግ ትሪ ከሚችለው በላይ ተስፋፍቶ ስለነበር ለቀናት ተሽመድምዶ ሐኪሞች ወደ ወረቀት ተመልሰዋል።

«እየሠራ ነውና አትንኩት» የሚሉ ባልደረቦች አሉን፤ አንስማማም። በየግቢው ለተሻለው ስዊች 4096፣ ለተተኪው 8192 መስጠት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ የየራሳቸው ሥር ይኑራቸው፤ በመካከላቸውም ራውተር ይቁም። ውሳኔው በወረቀት ተጽፎ በመደርደሪያው በር ላይ ይለጠፍ፤ ቁጥሩን የሰጠው ባለሙያ ነገ ሥራ ሊቀይር ይችላል።