የሚዝናናው ሌላ፣ የሚታገተው ሌላ



ሰሞኑን ስልካችሁ ላይ ያ ማስታወቂያ ሳይመጣባችሁ አይቀርም። ነጭ ትልቅ መርከብ፣ ሰማያዊ ባሕር፣ የዘንባባ ዛፍ፣ ከላዩ ላይ በቀይ የተጻፈ የቅናሽ ዋጋ። ካሪቢያን፣ ሰባት ሌሊት፣ ምግቡ ተጨምሮ። ለኛም ደርሶናል። ከመካከላችን አንዱ ለቀልድ ብሎ ቡድናችን ላይ ለጠፈውና ክርክር ተነሣ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ታፍነን፣ ሦስት ክትባት ወስደን፣ አሁን ካልተዝናናን መቼ ልንዝናና ነው?» ያሉ ነበሩ። «ገንዘቡ የራሳቸው፣ ጤናው የራሳቸው፣ ሌላውን ምን አገባው?» ያሉም ነበሩ። ይሄን የምንጽፈው ለሁለተኛው አባባል ነው። ለመጀመሪያውማ መልስ የለንም፤ እኛም እኮ ታፍነናል። በ2021 መጨረሻ አሜሪካ ቀይ ዝርዝር ውስጥ ስትገባ ከዚህ ተነሥቶ መሄዱ ራሱ ከባድ ነበር፤ ያ ዝርዝር ግን በኋላ ተነሥቷል፣ ማስታወቂያው ደግሞ እስከዚያ ጠብቆናል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እናጥራ። ይሄ ቅናት አይደለም። ሰው ለፍቶ ባገኘው ገንዘብ ባሕር ላይ ቢንሳፈፍ፣ ሻምፓኝ ቢጠጣ፣ እሰየው ነው የምንለው። ስንት ዓመት በኒካዮን የሰው ቤትና የሰው ሆቴል ሲያጸዱ የኖሩ እናቶቻችን አንድ ሳምንት ሙሉ ቁጭ ብለው ምግብ ቢቀርብላቸው ከኛ በላይ ደስ የሚለው የለም። የኛ ጥያቄ ሌላ ነው። በወረርሽኝ ጊዜ ያ መርከብ ሲታመም ዋጋውን የሚከፍለው ማነው? ትኬት የቆረጠው ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልን።

ወደ ፌብሩዋሪ 2020 እንመለስ። ዳይመንድ ፕሪንሰስ የምትባለው መርከብ ጃፓን፣ ዮኮሃማ ላይ ስትታገድ ውስጧ 3,711 ሰው ነበር፤ ከ700 በላይ የሚሆነው ተያዘ። ከዚህ አገር የሄዱ ሰዎችም ነበሩባት። ከእነሱ ውስጥ 11ዱ ተመልሰው ሸባ ሆስፒታል ቢዱድ ሲገቡ አንዷ ላይ ቫይረሱ ተገኘ። ፌብሩዋሪ 21 ነበር። በእስራኤል የመጀመሪያው የተረጋገጠ ኮሮና የመጣው ከገበያ አይደለም፣ ከሠርግ አይደለም፣ ከመዝናኛ መርከብ ነው። ከዚያ ቀን ወዲያ መርከብና ይሄ በሽታ አንድ ላይ ምን እንደሚያደርጉ አላወቅንም ማለት አይቻልም።

ዳይመንድ ፕሪንሰስ ካሪቢያን አልነበረችም፤ ግን በኋላ ካሪቢያን ላይ የደረሰው ሁሉ እሷ ላይ ታይቷል። ተሳፋሪው በየክፍሉ ተቆልፎ ሲቀመጥ ምግቡን በየበሩ ያደረሰው ሠራተኛው ነው። ሠራተኛው ግን ለብቻው የሚቆለፍበት ክፍል የለውም። ከታች ከጓደኛው ጋር ነው የሚተኛው፣ በአንድ አዳራሽ ነው የሚበላው፣ በአንድ ጠባብ ኮሪደር ነው የሚመላለሰው። ቢዱድ የሚባለው ነገር ከላይ ላሉት ነበር፤ ከታች ያሉት የቢዱዱ አስተናጋጆች ነበሩ።

በማርች 2020 ካሪቢያን ላይ ብሬማር የምትባል መርከብ ከ600 የሚበልጡ ተሳፋሪዎችን ይዛ፣ አብዛኞቹ እንግሊዛውያን፣ ወደብ አጣች። ጥቂት ሰዎች ላይ ቫይረሱ በመገኘቱ ብቻ በሩ ሁሉ ተዘጋባት። ባሃማስ እንኳ ከሩቅ ቁሚ፣ ምግብና መድኃኒት ውሰጂ፣ ሰው ግን አታወርጂም አለቻት። ልብ በሉ፣ ብሬማር የተመዘገበችው ባሃማስ ነው፤ የምታውለበልበው የባሃማስን ባንዲራ ነበር። በመጨረሻ የተቀበለቻት ኩባ ናት። ማርች 18 ማሪየል ወደብ ላይ አስጠግታ ሰዎቹን በአውሮፕላን ወደ አገራቸው ሸኘች። እንዲያው ለነገሩ፣ በዚያ ባሕር ላይ ካሉት ሁሉ ኪሷ የሞላ ስለሆነች አይደለም የከፈተችው።

ስለ ባንዲራ ካነሣን አይቀር፣ እነዚህ ትልልቅ ኩባንያዎች ዋና ቢሮአቸው ሚያሚ ነው፤ ወረቀታቸው ግን ሌላ ቦታ ነው። ካርኒቫል በፓናማ ተመዝግቧል፣ ሮያል ካሪቢያን በላይቤሪያ። ግብርና የሠራተኛ ሕግ ሲመጣ የሩቅ አገር ሰዎች ናቸው። መርከባቸው ሲታመም ግን የቅርብ ዘመድ ሆነው ይመጣሉ፤ ወደብ ክፈቱልን፣ አልጋ ስጡን ይላሉ።

በዚያው ማርች የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል መርከቦቹን አገደ። ተሳፋሪው ቀስ በቀስ ቤቱ ገባ። ሠራተኛውስ? ሜይ 2020 ላይ በየባሕሩ የቀሩት የክሩዝ ሠራተኞች ቁጥር ከ100,000 በላይ ነበር። የፊሊፒንስ፣ የኢንዶኔዥያ፣ የሕንድ ልጆች። ብዙዎቹ ኮንትራታቸው አልቋል፣ ደመወዛቸው ቆሟል፤ መሬቱን በመስኮት ያዩታል፣ አይረግጡትም። ማዕከሉ ይውረዱ፣ ግን በመደበኛ አውሮፕላን ከሕዝብ ጋር ሳይቀላቀሉ ኩባንያው በሚያዘጋጀው መጓጓዣ ይሂዱ፣ የኩባንያው ኃላፊዎችም ይፈርሙ አለ። ወጪው በዛ ብለው ያንገራገሩ ኩባንያዎች ነበሩ። ለሽርሽር የሚሆን ነዳጅ ያላጡ ሰዎች ሠራተኛቸውን ወደ እናቱ ለመመለስ ሒሳብ ያዙ። ሰው ወደ ቤተሰቡ ለመድረስ ወረቀት ሲጠብቅ ሌሊቱ እንዴት እንደሚረዝም ለኛ ማስረዳት አያስፈልግም መቼም።

ይሄ ሁሉ ከታየ በኋላ ነው እንግዲህ ሲድሪም 1 የተነሣችው።

ኖቬምበር 2020 ነው። ክትባት ገና የለም። እኛ እዚህ ከሴገር ወጣን ስንል ሌላ ገደብ ይመጣል፤ ለቅሶ እንኳ በቁጥር ሆኗል፣ የሞተውን ሰው ቤት በር ላይ ቆመን ተመልሰናል። ኖቬምበር 16 የዋለውን ስግድ አብዛኛው ሕዝባችን ከቤቱ ሆኖ በስክሪን ነው ያየው፤ አብዛኞቹ ሽማግሌዎቻችን ሳይቀሩ ኢየሩሳሌም አልወጡም። በዚያው ወር፣ ኖቬምበር 7፣ ሲድሪም 1 ከባርቤዶስ ተነሣች። ወረርሽኙ ከመጣ ወዲህ ወደ ካሪቢያን የተመለሰች የመጀመሪያዋ የመዝናኛ መርከብ ነበረች። ትንሽ፣ እጅግ የቅንጦት መርከብ ናት። 53 ተሳፋሪ፣ 66 ሠራተኛ። ቁጥሩን ደግማችሁ አንብቡት፤ ከሚዝናናው የሚያገለግለው ይበዛል።

ጥንቃቄ አላደረጉም አንልም። ተሳፋሪዎቹ ከቤታቸው ሳይነሡ ተመርምረዋል፣ መርከቡ ላይ ሲወጡም እንደገና ተመርምረዋል። ስሕተቱ የገባው እዚያ ላይ ነው። ሁላችንም ንጹሕ ነን ተባለና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማስክ ግዴታ አልነበረም። ምርመራ የሚነግርህ አፍንጫህ የተጠረገባትን ሰዓት ነው። ትናንት የገባ ቫይረስ ዛሬ ላይታይ ይችላል፣ ከሦስት ቀን በኋላ ግን እራት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ይሄን እኛ በየቡድኑ ስንጽፈው የከረምነው ነው፤ «ነገቲቭ ነኝ» ብሎ አያቱ ቤት ሄዶ አያቱን ያስያዘ ልጅ ስንት ነው? አምስት ቀን ሳይሞላ አንዱ ተሳፋሪ ታመመ፣ መርከቧ ተመልሳ ባርቤዶስ ገባች፣ በመጨረሻም 7 ተሳፋሪዎችና 2 ሠራተኞች ላይ ተገኘ። ኩባንያው የዚያን ዓመት ቀሪ ጉዞ ሰረዘ።

9 ሰው ብቻ ነው እኮ የሚል ይኖራል። ባርቤዶስ ግን ወደ 280,000 ሕዝብ ያላት ደሴት ናት። መርከቧ ደግሞ በመሀል የሴንት ቪንሰንት ደሴቶችን አይታለች፤ እነሱ ከባርቤዶስም ያንሳሉ። እንዲህ ያለ ቦታ የጽኑ ሕሙማን አልጋ በጣት ይቆጠራል። ዘጠኝ ሰው ለቴል አቪቭ ቁጥር ነው፣ ለትንሽ ደሴት ግን የአንድ ሳምንት ጭንቀት ነው።

«ደሴቶቹ ራሳቸው ናቸው ኑ ያሉት፤ ቱሪስት ካልመጣ ምን ይበላሉ?» የሚለውን ክርክር አንንቀውም። እውነት ነው፤ ባርቤዶስ በሯን ከፍታ ነው የተቀበለችው። ያለ ቱሪስት የሆቴል ሠራተኛው፣ የታክሲ ሹፌሩ፣ ዓሣ ጠባሹ ቤት ይቀመጣል፤ እኛም ሃላት ወጥተን ስለተቀመጥን ስሜቱን እናውቀዋለን። ግን ቸግሮት በሩን የከፈተ ሰው ወዶ ከከፈተ ሰው ጋር አንድ አይደለም። ደግሞስ ከዚህ የቅንጦት ሽርሽር ደሴቲቱ ላይ የሚቀረው ስንት ነው? ተሳፋሪው መርከቡ ላይ ይበላል፣ መርከቡ ላይ ይጠጣል፣ መርከቡ ላይ ያድራል፤ ወርዶ ባርኔጣ ገዝቶ ይመለሳል። የመኝታውና የምግቡ ገንዘብ ሚያሚ ይሄዳል፣ ሳሉ ደሴቱ ላይ ይቀራል።

አሁን ወደ እኛ ወደብ እንምጣ። ማርች 1 ቀን 2021 ሮያል ካሪቢያን አዲሲቷን መርከቡን፣ ኦዲሲ ኦፍ ዘ ሲስን፣ ከሃይፋ ሊያስነሣት ነው ተብሎ ሲነገር ስንቶቻችን ደስ እንዳለን አንረሳም። ሠራተኛውም ከ16 ዓመት በላይ የሆነው ተሳፋሪም ሁሉ የተከተበ፣ ወደ ግሪክ ደሴቶችና ወደ ቆጵሮስ። እስራኤል በክትባት ዓለምን የቀደመችበት ጊዜ ነው፤ ታቭ ያሮክ ኪሳችን ገብቷል፣ ኮሮና አለቀለት ብለናል። ከዚያ ሜይ ላይ ሮኬቱ መጣና ተሰረዘ። መርከቧ ወደ ፍሎሪዳ ሄደች። ጁን ላይ 8 ሠራተኞች ተይዘው የመጀመሪያ ጉዞዋ ተራዘመ። ተሳፋሪ ገና አልወጣባትም፣ የታመሙት ሠራተኞች ናቸው፤ እንደገና ከታች ጀመረ ማለት ነው።

በዲሴምበር 2021፣ ኦሚክሮን በገባበት ሰሞን፣ ያችው መርከብ ከፎርት ሎደርዴል ተነሥታ ስምንት ቀን ካሪቢያንን ልትዞር ወጣች። መርከቡ ላይ ካለው ሰው 95 በመቶው ተከትቧል። 55 ሰው ተያዘ፣ ተሳፋሪም ሠራተኛም። ኩራሳዎና አሩባ ሊያዩአት የጓጉላት ደሴቶች ነበሩ፤ በዚህ ሁኔታ አንቀበልም ብለው ሁለቱም ቀሩ። ሕዝቡ የከፈለበትን ባሕር ዳርቻ ሳያይ ባሕር ላይ ቆይቶ ተመለሰ። ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ ይባል ነበር፤ በባሕር ግን እንደሌለ ታየ።

የአሜሪካው ማዕከል ዲሴምበር 30 ላይ ማስጠንቀቂያውን ወደ መጨረሻው ደረጃ ወደ አራት አሳድጎ፣ ተከተባችሁም አልተከተባችሁም ክሩዝ አትሂዱ አለ። ምክንያቱም ከኖቬምበር 30 እስከ ዲሴምበር 14 በመርከቦቹ ላይ 162 የነበረው የተያዘ ሰው ቁጥር ከዲሴምበር 15 እስከ 29 ባለው ጊዜ 5,013 ደረሰ። የኩባንያዎቹ ማኅበር ወዲያው ተቆጣ፤ ከተሳፈረው ሰው ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ አይባልም፣ አብዛኛው ምልክት እንኳ የለውም፣ ለምን እኛን ብቻ ነጥላችሁ ትመታላችሁ አለ። እዚህ ላይ ትንሽ እውነት አላቸው። እነሱ ይመረምራሉ፣ የገበያ አዳራሹ አይመረምርም። ክትባቱም ሠርቷል፤ በ2020 እንደነበረው ሬሳ ይዞ ወደብ ለወደብ የሚንከራተት መርከብ አላየንም፤ ይሄን መደበቅ ውሸት ይሆናል። ግን የገበያ አዳራሽ የታመመበትን ሠራተኛ ሌሊት ቤቱ ይሸኘዋል፣ ወደ ሌላ አገር ይዞት ሄዶም ተቀበሉኝ አይልም።

ስለዚህ «ጤናው የራሳቸው ነው» የሚለው አባባል ሒሳቡ አልገባንም። ተሳፋሪው ሰባት ሌሊት ነው የሚቆየው፤ ሠራተኛው ስድስትና ስምንት ወር። ተሳፋሪው ቢታመም በረንዳ ያለው ክፍል ውስጥ ይተኛል፤ ሠራተኛው ቢታመም መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ። ተሳፋሪው ጉዞው ቢሰረዝ ገንዘቡ ይመለስለታል፤ ሠራተኛው ጉዞው ቢሰረዝ ሥራው ይሰረዛል። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት እኮ ይሄው ነው። እናታቸው በኤይላት ሆቴል አንሶላ ስትቀይር ያደጉ ልጆች ከአንሶላው ማዶ ያለውን ሰው ካላዩት ማን ሊያየው ነው?

ክርክሩ ሲከር አንዷ እኅታችን «ለምን ራሳቸውን አንጠይቃቸውም?» አለችና ማስታወቂያው ላይ ወዳለው ቁጥር ደወልን። የምትመልሰው ልጅ ትሑት ናት፣ ታጋሽ ናት። ተሳፋሪ ቢያዝ ምን ይሆናል አልናት። ኢንሹራንሱን ነገረችን፣ ለብቻ የሚሰጠውን ክፍል ነገረችን፣ ለሌላ ጊዜ የሚተላለፈውን ገንዘብ ነገረችን፤ ሁሉንም በቃሏ ታውቀዋለች። ክፍሉን የሚያጸዳው ሰው ቢያዝስ፣ የት ይተኛል፣ ደመወዙ ይከፈለዋል ወይ አልናት። ዝም አለች። ቆይታ «ጠይቄ ልመለስላችሁ» አለች። ይኸው ዘጠነኛ ቀናችን ነው፣ እስካሁን አልደወለችም።