የእሑዱ ሰው እና የሰኞው ሰው

በ1964 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1972) የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ለዓለም ሉተራን ፌደሬሽን አንድ ደብዳቤ ጻፈች። ርእሱ የወንጌል ስብከትና የሰው ልጅ ልማት ዝምድና ነበር፤ ከሐሳቡ ጀርባ የቆሙት ደግሞ በጊዜው የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ናቸው። አቤቱታው ግልጽ ነው። የምዕራቡ ዓለም ለጋሾች ለሐኪም ቤት፣ ለትምህርት ቤትና ለእርሻ ገንዘብ ለመስጠት አያመነቱም፤ ለስብከትና ለአገልጋዮች ሥልጠና ሲሆን ግን እጃቸው ይሰበሰባል። ደብዳቤው ይህን ክፍፍል አልተቀበለም። ሰው ሥጋው በአንድ በጀት፣ ነፍሱ በሌላ በጀት የሚተዳደር ፍጡር እንዳልሆነ፣ ልማትም ሙሉውን ሰው መያዝ እንዳለበት ተከራከረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፌደሬሽኑ ጉዳዩን በናይሮቢ ለምክክር አቀረበው።

በልማት ፖሊሲ ዙሪያ የሚሠሩ ሰዎች ይህን ሰነድ ሲያነሡ ብዙውን ጊዜ የሚያስታውሱት የለጋሽና የተቀባይ ሙግቱን ነው። የቀረው ግማሽ ይበልጥ ይቆረቁራል። ሰው ራሱ ውስጣዊ ነጻነትና ብስለት ካላገኘ ቁሳዊ ዕድገት ብቻውን ሊያጎሳቁለው እንደሚችል ሰነዱ ያስጠነቅቃል። ዛሬ በየጥናቱ «ጠንካራ ተቋም ይገንባ» የማይል ተንታኝ የለም፤ ልክም ነው። በተቋሙ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው ጠባይ የት እንደሚገነባ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ጥያቄው ለሰባኪ የተተወ ይመስላል፤ ሰባኪውም በፈንታው ለፖሊሲ ዐዋቂው ይተወዋል።

ይህን ክፍፍል ለማየት የፌደሬሽኑ መቀመጫ እስከሆነችው ጄኔቫ መሄድ አያሻም። በውጭ አገር ኢትዮጵያውያን በጋራ ከያዟቸው ተቋማት ሁሉ ትልቁን ስፍራ የያዙት አብያተ ክርስቲያናቱ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የባንክ ዕዳ ያለበት ሕንፃ፣ መተዳደሪያ ደንብ፣ ቦርድ አላቸው። በቦርዱ የሚቀመጡትም ብዙ ጊዜ የተማሩና የተከበሩ ባለሙያዎች ናቸው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በመሥሪያ ቤቱ ደረሰኝ የሌለውን ወጪ ሁሉ ውድቅ የሚያደርግ ኦዲተር፣ እሑድ የቤተ ክርስቲያኑን ሒሳብ ሳያገላብጥ ይፈርማል። ለአሠሪው የጥቅም ግጭት መግለጫ በጥንቃቄ የሚሞላ ሰው፣ ለሕንፃው እድሳት የአማቹን ድርጅት ሲያስመርጥ ቅር አይለውም። አንዲት ወጣት የሒሳብ ባለሙያ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተነሥታ የባንክ መግለጫው ለአባላት እንዲታይ ብትጠይቅ «ልጄ፣ ይህ እኮ የእግዚአብሔር ቤት ነው» ትባላለች። ሽማግሌው ክፉ ሐሳብ የለባቸውም፤ ለቤቱ ክብር የተቆረቆሩ መስሏቸዋል። የእግዚአብሔር ቤት መሆኑ ግን ሒሳቡ በይበልጥ እንዲታይ የሚያስገድድ ምክንያት ነበር።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚከፋው የአንደበቱ ክፍፍል ነው። በአገር ቤት ሰው ሲገደል፣ ሟቹ ወገን ከሆነ ሻማ ይበራል፣ ለምክር ቤት አባላት ደብዳቤ ይጻፋል፤ ገዳዩ ወገን ሲሆን «እስኪ ይጣራ» ይባላል። ሁለቱንም የሚያደርገው ያው ሰው ነው፤ በሁለቱም ሳምንት ያስቀድሳል፣ ወይም ይዘምራል። ተንታኙ ይህን ስልት ሊለው ይችላል። በዐሥርቱ ቃላት ውስጥ ግን ሐሰተኛ ምስክርነት የሚል የቆየ ስም አለው።

ቄስ ጉዲና የጻፉትን ኖረውት እንደሆነ ሲጠየቅ ሁሉም ወደ መጨረሻው ሌሊት ይሮጣል። ሌሊቱ መነገር አለበት። ቤተ ክርስቲያናቸው የ1966ቱን ለውጥ በተስፋ ተቀብላው ነበር፤ መንግሥት መሣሪያው ሊያደርጋት ሲፈልግ ግን እንቢ አሉ፣ ተደጋግመውም ታሰሩ። በታንዛኒያው ፕሬዚዳንት በጁሊየስ ኔሬሬ በኩል ከአገር የሚወጡበት መንገድ ቢመቻችላቸውም መንጋቸውን ትተው ለመሄድ አልፈቀዱም። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዑራኤል ከሚገኘው ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ከባለቤታቸው ጋር ታፍነው ተወሰዱ፤ እሳቸው በዚያው ሌሊት ተገደሉ። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። የመታሰቢያ ንግግሮች በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚያልፏቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶለሳ ደግሞ ተሠቃይተው ዐሥር ዓመት ገደማ በእስር አሳልፈዋል። በዚያው ዓመት ክረምት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ቴዎፍሎስም ተገድለዋል።

ታሪኩ በውጭ ለሚኖር አንባቢ የተሳሳተ በርም ይከፍታል፤ «እሳቸው ቀሩ፣ እኛ ወጣን» የሚል የበደለኛነት ስሜት። ስደት ኃጢአት አይደለም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከመስከረም 26 ጀምሮ ባሉት አርባ ቀናት የእመቤታችንንና የልጇን ወደ ግብፅ መሰደድ በማኅሌተ ጽጌ ታስባለች። ቄስ ጉዲና ራሳቸው በሚኒሶታ ተምረው የተመለሱ ሰው ነበሩ። ከእሳቸው ሕይወት ይበልጥ የሚያስተምረው ውሳኔው በአንድ ሌሊት አለመወለዱ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት ያ ደብዳቤ ሲላክ፣ የተላከው የቤተ ክርስቲያኒቱን ሥራ በገንዘብ ለሚደግፉ ወገኖች ነበር። በእርዳታ ድርጅት የሠራ ሁሉ ለለጋሽ የማይጥም ቃል መጻፍ ምን ያህል እንደሚያስፈራ ያውቃል፤ አብዛኛው ሰው በዚያ ሰዓት ሪፖርቱን ያለሰልሳል። ገንዘብ ለያዘው እጅ እውነቱን መናገር የለመደ ሰው፣ ጠመንጃ ለያዘው እንቢ ሲል ከዜሮ አልጀመረም።

እንዲህ ያለው ልምምድ ቦታ ይፈልጋል፤ ቦታው ደግሞ ሩቅ አይደለም። ኦርቶዶክሳዊው የንስሐ አባት አለው፤ ዛሬ ዛሬ በስልክም ቢሆን። ወንጌላዊው በየቤቱ የሚሰበሰብ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድን አለው። በሁለቱም ዘንድ ሰው ስለ ጾሙ፣ ስለ ጸሎቱና ስለ ትዳሩ ይጠየቃል። ስለ ፈረመው ሪፖርት፣ ለግብር ስላላስመዘገበው ገቢ፣ እያወቀ ዝም ስላለበት ስብሰባ የሚጠየቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ካህኑ ወይም የቡድኑ መሪ የዚያን ሥራ ዓለም ላያውቁት ይችላሉና ነገሩን ማንሣት ያለበት ባለሙያው ነው፤ በሚቀጥለው የስልክ ጥሪ፣ ከጾሙ በፊት፣ ባለፈው ወር የፈረመውን ወረቀት። የመጀመሪያው ምላሽ ግራ የተጋባ ዝምታ ቢሆን አይገርምም።